አባባና የእንግሊዙ አገረ ገዢ

አባባ መቀመጥ አይችሉም። ሶፋው ላይ ጋደም ይላሉ፣ ወዲያው ብድግ። መስኮቱ ጋ ሄደው ፓርኪንጉን ያያሉ፤ ምን ሊታይ? የእኔ መኪና፣ የጎረቤት መኪና፣ የተቆለለ በረዶ። ተመልሰው ፍሪጁን ይከፍቱና ምንም ሳያወጡ ይዘጉታል። «ምን ላቅርብልዎ?» ስላቸው «ምንም፣ አየሁት እንጂ» ይላሉ። ኧረ ፍሪጅ ይታያል እንዴ! የእኔ ሥራ ደግሞ ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ነው። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ስገፋ ውዬ፣ እግሬ አብጦ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ዌስት ሴንት ፖል ቤቴ ስገባ የማይቀመጥ ሰው ይጠብቀኛል። ባለቤቴ ትራክ ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ቤት የምንውለው አባባ፣ እኔና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ነን።

ከአገር ቤት ያመጣኋቸው እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። ትንሽ ቢለምዱ ይረጋጋሉ ብዬ ነበር። ምን መረጋጋት! አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቤቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ቆሌዬ ተገፈፈ። ሮበርት ስትሪት ላይ ያለውን ሱቅ ሁሉ ስዞር ቆይቼ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘኋቸው፤ በዚያ ብርድ፣ በነጠላ ጫማ፣ ከረባት አስረው። «የት ሊሄዱ ነው?» አልኳቸው። «እኔ እንጃ፤ አውቶቡሱ ወደሚሄድበት» አሉኝ። ጮኽኩባቸው። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብተው ከንፈራቸው በብርድ ሲንቀጠቀጥ ሳይ አንጀቴን በሉኝና እየነዳሁ አለቀስኩ።

አባባ በጃንሆይ ጊዜ የወረዳ ገዢ ነበሩ። ገና ወጣት ሳሉ፣ ከተወለዱበት አገር ርቀው ወደ ደቡብ ተልከው፣ ቋንቋውን የማያውቁትን ሕዝብ ገዝተዋል። አብዮቱ ሲመጣ ሕዝቡ ተነሣባቸው፣ ቀጥሎ እስር ቤት ገቡ፤ እኔ የተወለድኩት ከተፈቱ በኋላ ነው። ቤታችን ውስጥ የዚያ ዘመን ነገር አይነሣም። እናቴ ብቻ ጓዳ ስንሆን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታወራኝ ነበር፤ ለገዢው ስለሚመጣው ማርና ሙክት፣ ሰዉ የራሱን እርሻ ትቶ የሳቸውን ሲያርስ ስለሚውልበት ቀን። አባባ ብቅ ካሉ ወሬ ትቀይራለች።

ጉዱ የመጣው በልጄ በኩል ነው። ትምህርት ቤታቸው ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ የጥንት ሰው በዕጣ ያወጣለታል፤ ልጁ የዚያን ሰው ሕይወት አጥንቶ ወላጅና ዳኛ ፊት በትያትር ያሳያል። ለጓደኞቿ ሳይንቲስት ደረሳቸው፣ ጀግና ደረሳቸው። ለእሷ የደረሳት አሜሪካ ገና በእንግሊዝ እጅ በነበረችበት ዘመን ከለንደን ተሹሞ የመጣ አገረ ገዢ ነው። ስሙን ደጋግማ ነግራኛለች፤ እዚህ አያስፈልግምና ልተወው። ቦርሳዋን ወርውራ «ቦሪንግ ነው ማም፣ ዊግ ያደረገ ሽማግሌ!» አለችኝ። እኔም አፌ አያርፍም፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ «አያትሽም እኮ ገዢ ነበሩ» አልኳት።

«ዋት? ገቨርነር? የኛ አባባ? ሲርየስሊ?»

አባባ ገቨርነር የምትለዋን ቃል ያውቋታል። ከመስኮቱ ዞር ብለው ልጅቷን አዩዋት። እሷም እንደ አዲስ ሰው አየቻቸው፣ ከላይ እስከ ታች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ጠዋት ተነሥተው ይላጫሉ፣ ከረባታቸውን ያስራሉ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ወንበራቸው ላይ ይጠብቃሉ። ወንበራቸው ላይ! ቁጭ ብለው! እኔ በጸሎት ያላገኘሁትን አንድ ዊግ ያደረገ እንግሊዛዊ አመጣልኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን ደስታዬን የሚበላ ፍርሃት ነበረብኝ፤ ምክንያቱም ልጄን አውቃታለሁ።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቷ ፎርት ስኔሊንግ የሚባል የድሮ የጦር ምሽግ ወስዷቸው ነበር። ድሮ ወታደሮች የዚህን አገር የጥንት ባለቤቶች፣ ሴት ሕፃን ሳይሉ፣ ወንዙ ዳር አጉረው ክረምቱን በብርድ እንዳከረሟቸው ሰምታ መጣች። እራት አልበላም አለች። «ማም፣ የምትሠሪበት ቦታ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ፤ ኤርፖርቱ እዚያው አጠገብ ነው። «አሳምሬ! ተርሚናል ዋን ነው» አልኳት። በዚህ መልሴ ምክንያት ስንት ቀን እንዳኮረፈችኝ እኔ ነኝ የማውቀው። እንግዲህ እንዲህ ያለች ልጅ የአያቷን ነገር ብትሰማ ፊቷን ታዞርባቸዋለች። እሷ ፊቷን ካዞረች ደግሞ አባባ ተመልሰው ወደዚያ ፌርማታ ነው። ይኼን እያሰብኩ ዊልቸር ስገፋ መንገደኛውን የማይበርበት ጌት አድርሼው አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን በእጄ ነበር። አባባ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ልጄ ደግሞ ብዪና ተኚ የሚለው አማርኛ ይገባታል እንጂ የቁም ነገሩ ያመልጣታል። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። የሚያልፈውን አሳልፋለሁ፣ የማያልፈውን አስቀራለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ትምህርቱ ተጀመረ። «ገዢ አይሮጥም» አሉ አባባ። «ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚነሣ። ገዢ አይጮህም። የሚጮኸው ሌላ ነው።» ጋቢያቸውን አለበሷትና አፏን በጋቢው ጫፍ ሸፍና ቃሏን አጠገቧ ላለ ሰው ሹክ እንድትል አሳዩዋት፤ ያ ሰው ነው ለሕዝቡ ጮክ ብሎ የሚያሰማው። ባለጉዳይን ቀና ብሎ ማየት አይገባም። ባለጉዳይ ደግሞ መጥቶ ዘው አይልም፤ ደጅ ይጠናል። ባለጉዳዩ ማን እንደሆነ ገምቱ እስቲ። ሺፍቴን ጨርሼ፣ በሁለት እጄ አስቤዛ ተሸክሜ፣ የገዛ ቤቴ በር ላይ ደጅ ጠናሁ! ልጄ ከሶፋው ላይ ቀና ሳትል ለአባባ ሹክ አለች። «ነገ ነይ ተብለሻል» አሉኝ አባባ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። «ኧረ ባካችሁ ክንዴ ተገነጠለ!» ብዬ ስጮህ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። አባባ እንደዚያ ሲስቁ እናቴ ካረፈች ወዲህ አላየሁም።

ትምህርት ቤት ልምምድ ላይ ጉድ ፈላ። መምህሯ ደወለችልኝ። ልጅሽ አፏን ትሸፍናለች፣ ድምጿ አይሰማም፣ ሰው ዓይን አታይም፣ ያስጨነቃት ነገር አለ ወይ? አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት! ልጄን ስጠይቃት እሳት ሆነች። «እሷ ገቨርነር አይታ ታውቃለች? ገቨርነር ያለው እኛ ቤት ነው!» በስንት ክርክር አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ቃሏን ተቀብላ እንድታሰማ ተፈቀደ። ያችው ጓደኛዋ የገዢውን አሽከርም እንድትሠራ ተስማሙ።

ልጄም በተራዋ ያነበበችውን ለአባባ ትነግራቸዋለች፣ እኔ መሃል ቁጭ ብዬ ባቄላ እየፈለፈልኩ እተረጉማለሁ። ሰውየው ከነወንበሩና ከነወይን ጠጁ በመርከብ መጣ። ከመማክርቱ ጋር ሲነታረክ ከረመ። የምታርሱት መሬት የእናንተ አይደለም፣ ከንጉሡ እንደገና ካልተቀበላችሁ አላውቅላችሁም አለ። በመጨረሻ ሕዝቡ መሣሪያ ይዞ ተነሣበት፣ አሰረው፣ በመጣበት ባሕር ወደ አገሩ ሸኘው።

አባባ ተናደዱ። «ምን አጠፋ? ንጉሡ የላከውን ነው የሠራ!»

«አባባ፣ መሬቱ እኮ የሱም የነሱም አልነበረም!» አለች ልጄ በእንግሊዝኛ፣ እጇን እያወናጨፈች። «ከሁሉም በፊት ባለቤት ነበረው!»

«ጉዳዩ ከባድ ነው ትላለች» ብዬ ተረጎምኩ።

እሷ ደግሞ ትጠይቃለች። መጀመሪያ ስትደርስ ሰዎቹ ወደዱህ ወይ? አባባ ትንሽ አሰቡና «ፈሩኝ» አሉ። እኔ «አከበሩኝ» አደረግኳት። ግብሩን ስጦታ አልኩት። በግድ የታረሰላቸውን እርሻ በደቦ የታረሰ አስመሰልኩት። እጄ ባቄላውን ከነልጣጩ ሳህን ውስጥ እየጨመረ። ልጄ አንገቷን እየነቀነቀች ትሰማለች፤ አባባ ደግሞ እኔ ስተረጉም የኔን አፍ ትተው የእሷን ፊት ያያሉ።

ትያትሩ ሊደርስ ሲል አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብሩክሊን ፓርክ ድረስ ነድቼ የሠርግ ልብስ ከምታከራይ ሴት ካባ አመጣሁ፤ ጥቁር ከፋይ፣ ዙሪያው በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ ሙሽራ የሚደርበው። የእንግሊዝ ገዢ በሐበሻ ካባ! ልጄ ደርባው ሳሎኑን ስትዞር አባባ «እንግሊዙም እንዲህ አምሮበት ቢሆን ማን ያባርረው ነበር!» አሉ። ቤቱ ሞቅ አለ። በዚያ ሙቀት መሃል ነው ልጄ «ሕዝቡ ሲነሣብህ እንዴት አመለጥክ?» ያለቻቸው።

ይህንን እኔም ሰምቼው አላውቅም። ሕዝቡ ግቢውን ሲከብ አሽከራቸው በጓሮ በኩል አሾልኮ፣ እንሰት ለእንሰት እየመራ፣ እስከ መኪናው መንገድ አደረሳቸው። እጃቸውን የሰጡት በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ነው። ያ ሰው ለዓመታት በቅሏቸውን የሳበ፣ እግራቸውን ያጠበ፣ ደጃፋቸው ላይ ያደረ ሰው ነው። ከዚያው አገር፣ ከተነሣባቸው ሕዝብ ወገን ነው። እሳቸውን ሸኝቶ ተመለሰ። ዘመዶቹ ምን እንዳደረጉት አላወቁም።

ይህንን አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ፤ ምን የሚደበቅ አለው? የልጄ ዓይን እንባ አቀረረ። «ይኼን ሰው ትያትሩ ውስጥ አስገባዋለሁ» አለች። «መጽሐፉ የገቨርነሩን አሽከር ስም አይናገርም። የሱን ስም እሰጠዋለሁ። ስሙ ማን ነው?»

አባባ ተነሡ። መስኮቱ ጋ ሄዱ፣ ፓርኪንጉን አዩ፣ ተመለሱ።

እኔ ቶሎ ብዬ በእንግሊዝኛ «ረስተውታል» አልኳት። «ስንት ዘመን ሆነው እኮ።» ልጄ አዘነችላቸው። «ኢትስ ኦኬ፣ አባባ» ብላ ትከሻቸውን ዳበሰች።

«ምን አልሻት?» አሉኝ።

«ረስተውታል አልኳት።»

«አልረሳሁም።»

«እንግዲያው ይንገሯታ!»

«ጠይቄው አላውቅም በያት።»

«አባባ በሞቴ፣ ይተዉት። ልጅ ናት። ረሳሁ ቢሉ ምን ይቀርብዎታል?»

«በያት አልኩሽ!» ብለው ጮኹ። ገዢ አይጮህም ሲሉ የከረሙት ሰውዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኹ።

አልኳት። ልጄ መጀመሪያ የገባት አልመሰላትም። «ዌት፣ አብሮት ኖሮ? ሕይወቱን አድኖት? ታዲያ ሲፈልገው ምን ብሎ ነው የሚጠራው?» እያለች አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። አፌን ከመክፈቴ በፊት አባባ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን አነሡ። ጨብ ጨብ አደረጉ። ከዚያ ወደ በሩ አዩ፣ አሁን የሚገባ ሰው ያለ ይመስል። ይህ አስተርጓሚ አልፈለገም።

ልጄ ካባውን አውልቃ ሶፋው ላይ ጣለችው። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

የፈራሁት ደረሰ። ጠዋት ስትወጣ በአጠገባቸው ታልፋለች፣ ስትመለስ በአጠገባቸው ታልፋለች፤ ጆሮዋ ላይ ያን ማዳመጫዋን ሰክታ፣ ዓይኗ ስልኳ ላይ። እሳቸው ተላጭተው፣ ከረባት አስረው ይጠብቃሉ። ከዚያ መቀመጡም ቀረ። ሳሎንና ጓዳ፣ ጓዳና ሳሎን። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ሰው ባደረስኩ ቁጥር እደውላለሁ፤ ስልኩ ሁለቴ ከጠራ ከረባታቸውን አስረው ፌርማታው ላይ ይታዩኛል። ሁለቱም ላይ በገንኩ። እሷን «አያትሽ ናቸው፣ ሰው ናቸው» ብላት «እሱም ሰው ነበር» አለችኝና ዘጋችኝ።

እሳቸውንም አልተውኳቸው። «ማን አስገደደዎት? ምን ነበረበት ረሳሁ ቢሉ?»

«ሌላውን ስታጣፍጪላት ዝም ብዬሻለሁ» አሉኝ፣ መዞራቸውን ሳያቆሙ። «ግብር ስል ፊቷ የሚስቅ፣ እርሻ ስል ፊቷ የሚስቅ። አላየሁም መሰለሽ? እኔም ጣፈጠኝ፣ ተውኩሽ። ይቺ ግን አትጣፍጥም። ያ ሰው የኔን ስም ከነማዕረጉ ያውቀዋል።»

የትያትሩ ዕለት «ይቅሩ፣ ብርድ ነው» አልኳቸው። ኮታቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆሙ፣ አለቀ። ልጄን «ቢመጡ ቅር ይልሻል?» ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች፤ አዎም አይደለምም አላለች። መኪና ውስጥ እኔ ብቻ መጥረጊያው በረዶውን አልጠርግ አለኝ ብዬ ስረግመው ትምህርት ቤቱ ደረስን።

የስፖርት አዳራሹ በወላጅ ጢም ብሏል። ልጄ መድረኩ ላይ ወጣች። ከላይ ነጭ ዊግ፣ ከታች የሙሽራ ካባ፤ ትንሽ ሳቅ ተሰማ። እሷ ግን አልቸኮለችም። አባባ እንዳስተማሯት ቀስ ብላ መጣች፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ አፏን ሸፈነች። ሹክ ትላለች፣ ጓደኛዋ ታሰማለች፤ ሹክ ትላለች፣ ጓደኛዋ ታሰማለች። አዳራሹ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። የሚናገረው የማይሰማ ሰው እንደዚያ እንደሚያስፈራ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ሕዝቡ ተነሣ፣ ገዢው ወደ መርከቡ ሊወሰድ ነው። እዚህ ላይ ስለ ንጉሡ የምትናገረው የስንብት ንግግር አለ፤ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጓደኛዋ ቃሉን ልትቀበል ጆሮዋን አስጠጋች። ልጄ ዝም አለች። የረሳችው መሰለኝ። ከዚያ ካባውን ከአፏ ላይ አወረደች። ወደ ጓደኛዋ ዞራ፣ አዳራሹ በሙሉ እስኪሰማ፣ በአማርኛ «ስምህ ማን ነው?» አለች።

ጓደኛዋ አማርኛ አታውቅም። ግራ ገብቷት አፏን ከፍታ ቀረች። ዳኞቹ ተያዩ። ልጄ መልሱን ጠብቃ፣ ጠብቃ፣ እጅ ነስታ ወጣች። ጭብጨባው ተጀመረ።

አባባ በጭብጨባው መሃል ተነሡ። የሰው እግር እየረገጡ ወደ በሩ ሄዱ፤ ኮታቸውን ይዤ ተከተልኳቸው። ኮሪደሩ ላይ የተማሪዎቹን ሎከር ተከትለው ይመላለሳሉ። «አባባ ምን ሆኑ? አመመዎት?» እላለሁ፣ አይሰሙኝም። ልጄ ዊጓን በእጇ ይዛ፣ ካባው መሬት እየጠረገ መጣችና ፊታቸው ቆመች። ያን ጊዜ እሳቸውም ቆሙ።

«ይኼን ያህል ቀላል ነበር እኮ» አሏት።

ልተረጉም አፌን ስከፍት ልጄ በእጇ አስቆመችኝ። «ገብቶኛል» አለች። አማርኛዋን ፈለገች፣ አገኘችው። «ግን አልጠየቅክም።»

«አልጠየቅኩም» አሉ አባባ። «አዎ ልጄ። አልጠየቅኩም።»

ስንወጣ የውጭው ደረጃ በረዶ ይዞ ያዳልጥ ነበር፤ ልጄ ካባውን በአንድ እጇ ሰብስባ በሌላው ክንዳቸውን ያዘች።